በአንድ መደብ ላይ ሁለት ፓርቲ

ባለፈው ክረምት አራስ የሆነችውን የእህቴን ልጅ ልጠይቅ ኩታበር ሄጄ ወደ ደሴ ስመለስ፣ ሚኒባሱ ከከተማው መውጫ ላይ አንድ ሽማግሌ ጫነ። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ሽማግሌው ጥቁር ባና ተከናንበዋል። ባናው ውሃ ጠጥቶ ከብዷል፤ አጠገቤ ሲቀመጡ እርጥብ የበግ ጠጉር ሽታ መኪናውን ሞላው። ከፊታችን ያለች ወጣት አፍንጫዋን በነጠላዋ ያዘች። እኔ ወደ ሽማግሌው ጠጋ አልኩ። ያ ሽታ የኔ የድሮ ቤት ሽታ ነው። ባሌ ከሞተ በኋላ ልጄን ያሳደግኩት የበግ ጠጉር እየፈተልኩ፣ ፈትሉን ለባና ሠሪዎች እየሸጥኩ ነው። ሬዲዮው ደግሞ አንድ ትልቅ ፓርቲ እንደተከፋፈለ፣ አባሎቹም በየክልላቸው የየራሳቸውን ፓርቲ እንዳቋቋሙ ይናገራል። ሾፌሩ "ይሄ ነገር እንደ ዳቦ ተቆራረሰ እኮ፤ ለኔ ሰፈር አንድ ቁራሽ አይደርሰውም?" አለ። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ "ላንተማ ሊቀመንበርነቱ ከነወንበሩ ይሰጥህ" አለው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሽማግሌው ብቻ አልሳቁም። "ልጆቹ እንዳይጣሉ ብቻ" አሉ፤ ለማንም አልነበረም፣ ለራሳቸው ነው። ከዚያ በኋላ እስከ ደሴ ድረስ የማስበው የራሴን ልጆች ነበር።

እኔ የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። የፖለቲካ አዋቂ አይደለሁም። ግን ፓርቲ ሲሰነጠቅ በዓይኔ አይቻለሁ፤ የተሰነጠቀውም በገዛ ቤቴ ውስጥ፣ በአንድ መደብ ላይ ነው።

ያን ጊዜ፣ በንጉሡ ዘመን፣ የምኖርባት መካነ ሰላም ትንሽ ከተማ ነበረች። ዛሬ ባጃጆች ተኮልኩለው የሚጮሁበት ጥግ፣ ያኔ የጨውና የላምባ ሻጮች ተራ ነበር። አንድ ጠርሙስ ላምባ በስሙኒ ይሞላል። ሻይ በአምስት ሳንቲም ነው፤ ስኳሩ ሲበዛልህ ባለሻይ ቤቱ ወዳጅህ ነው ማለት ነው። ከፍ ብሎ አንድ ጠጅ ቤት ነበረ፤ ባለቤቱ ከደሴ የሸክላ ማጫወቻ አምጥቶ፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል አምባሰል ይከፍታል። እኛ ሴቶች ውሃ ቀድተን ስንመለስ ማሰሯችንን ሳናወርድ እዚያ ጥግ ቆም እንል ነበር። ጀርባችን ይቃጠላል፤ ዘፈኑ ሳያልቅ ግን አንሄድም። ተማሪዎቹ ደግሞ ቴትሮን ሸሚዝና ከታች የሚሰፋ ሱሪ መልበስ ጀምረው ነበር። የልጄ የጌታቸው ሱሪ ጠባብ ስለነበረች፣ ከጉልበቱ በታች ሰንጥቄ ሌላ ጨርቅ ጨምሬ አሰፋኋት። የጨመርኩት ጨርቅ ቀለሙ ትንሽ ይለይ ነበር። "እማ፣ ይታያል ወይ?" ይለኛል። "ስትሄድ አይታይም፣ ስትቆም ነው" እለዋለሁ። እውነቴን ነው፤ ለዚያ ይሆናል ያ ልጅ አንድ ቦታ መቆም ያልቻለው።

ሰይድ ወደ ቤቴ የመጣው ባሌ በሕይወት እያለ ነው። አባቱ ሼህ ይማም ከላላ በሚባል አገር ቁርአን የሚያቀሩ፣ የተከበሩ ሰው ናቸው። ባሌ ጨው ይነግድ ስለነበር ከሳቸው ዘንድ ያድር ነበር፤ ወዳጅነቱ ከዚያ ነው። ሼሁ ልጃቸው የመንግሥት ትምህርትም እንዲማር ፈለጉና አንድ የገበያ ቀን በበቅሎ ጭነውት መጡ። ሰይድ ያኔ ቀጫጫ፣ ጆሮው ትልልቅ ነበር። ሼሁ ደጃፌ ላይ ቆመው፣ የልጁን እጅ ይዘው እጄ ላይ አኖሩትና "የሺ፣ ይህ አማና ነው" አሉኝ። ወሎ ላደገ ሰው ይህ ቃል ማብራሪያ አያሻውም፤ ለሌላው አደራ ማለት ነው። አማና የተቀበለ ሰው የራሱን ያጣል እንጂ የሰውን አያጠፋም፤ ክርስቲያንም ሆነ እስላም በዚህ አይለያይም። እኔ በተፈጥሮዬ ፈሪ ነኝ። ልጄ ሲያስነጥሰው የምባንን ሴት ነኝ። የዚያን ቀን ሁለተኛ ልጅ ሳይሆን ሁለተኛ ፍርሃት የተጨመረብኝ መሰለኝ።

ሁለቱ ልጆች በአንድ መደብ፣ በአንድ ባና ሥር ተኙ። ለሰይድ ሥጋ የሚሠራበት ድስት ለብቻው ነበር፤ ማማሰያውም፣ ቢላዋውም። ዶሮ ስንፈልግ ለሱ ጎረቤታችን ያለው እስላም ይባርክለታል፣ ለኛ ጌታቸው ያርዳል፤ ሁለት ድስት ጎን ለጎን ይንተከተካል። ሥጋ ላይ እንዲህ ነው። ሽሮና ምስር ሲሆን ግን አንድ ትሪ ነው። ሁለቱ ትሪውን ከበው ሲበሉ እጃቸውን ማየት ደስ ይለኝ ነበር፤ አንዱ ሲጎርስ ሌላው ይቀድመዋል። ጎህ ሲቀድ ሰይድ ተነስቶ ይሰግዳል፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነበር የሚቀራው፣ አባቱ እንዳስለመዱት። ጌታቸው ከባናው ሥር ሆኖ "ቀስ በል እንጂ፣ አላህ አልደነቆረም" ይለዋል። ሰይድ ሰላቱን ሳይጨርስ አይመልስለትም። ሲጨርስ ግን ባናውን ገፎ ይወስድበታል።

ረሃቡ የመጣው በዚያ መሐል ነው። ስለሱ ብዙ መጻፍ አልችልም። ከቆላው የሚወጣው ሰው በደጃችን ያልፍ ነበር፤ መጀመሪያ ከብት እየነዳ፣ ቀጥሎ ልጅ አዝሎ፣ በኋላ ምንም ሳይይዝ። ቅሬያችን፣ ማለት የሰፈሩ እድር፣ የማያውቀውን ሰው ሁሉ ይቀብር ጀመር። ጌታቸውና ሰይድ ከትልልቆቹ ጋር ጉድጓድ ይቆፍራሉ። አንገቱ ላይ ማተብ ያለበት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ሌላው ወደ መስጊዱ በኩል ይሄዳል። አንድ ቀን አንድ ሕፃን አገኙ፤ ማተብም የለው፣ የሚያውቀውም የለ። የቅሬው ዳኛ የት እንደሚቀበር ግራ ገባው። ሰይድ "የትም ይሁን፣ ብቻውን አይሁን" አለ። እናቱ ትሆናለች ብለው ከገመቷት ሴት ጎን ቀበሩት። ከረሃቡ ጋር የመጣው ተስቦ ባሌን የወሰደው የዚያን ዓመት ነው። ሼህ ይማም ለቅሶ መጥተው፣ ሲመለሱ ሰይድን ይወስዱታል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን የበቅሎ ጭነት ጤፍ አራግፈው ልጁን ትተውልኝ ሄዱ።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። ንጉሡ ወረዱ፣ መሬት ላራሹ ተባለ፣ ሰው ሁሉ ጓድ ሆነ። አንድ ቀጭን አስተማሪ ነበር፤ ሁልጊዜ አንገቱ ላይ ሻርፕ የሚጠመጥም። እሱ ነው ልጆቹን ያስገባቸው። ፓርቲው ድብቅ ነበር። ስሙን እዚህ አልጽፍም፤ አሁንም ድረስ ስሙ ሲጠራ መስኮት የምዘጋ ሴት ነኝ። ስብሰባቸው አንዳንዴ ጓዳዬ ውስጥ ነው። እኔ በር ላይ ተቀምጬ እፈትላለሁ፤ ሰው ሲመጣ እንዝርቱን ጥዬ "ውይ" እላለሁ፣ እነሱ ዝም ይላሉ። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ እንዝርቱ ከፍርሃቴ የተነሳ ሰው ሳይመጣም ይወድቅ ነበር። ጌታቸው "እማ፣ ዛሬ አሥር ጊዜ ዝም አስባልሽን፤ አብዮቱን አዘገየሽው" ብሎኛል።

አልዋሽም፣ ሲናገሩ ደስ የሚል ነገር ነበረው። የጎጃሙም፣ የሲዳሞውም፣ የኤርትራውም ጭቁን አንድ ነው ይላሉ። ፓርቲው ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው። ሰይድ እንደዚያ ሲል ዓይኑ ያበራ ነበር። ያኔ መስገዱን አቆመ፤ ጎህ ሲቀድ ቤቱ ጭር ሲል እኔ ነበርኩ የምነቃው። "ሰይድ፣ አባትህ ቢሰሙ?" ብዬ ስጠይቀው "እማ የሺ፣ አባቴ የሚያስተምሩትን ያስተምሩ፣ እኔ ሳይንስ ተምሬያለሁ" አለኝ።

እንዴት እንደተሰነጠቀ ያየሁትን ልናገር። መጀመሪያ ከማዕከል፣ ማለት ከአዲስ አበባ፣ አንድ ትእዛዝ መጣ፤ ምን እንደነበረ አላውቅም። የደሴዎቹ አንቀበልም አሉ። ጓዳዬ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ከፍ አለ። ሰይድ "እኛ ስንረግፍ ማን ደረሰልን? የወሎን ነገር ወሎዬው ይወስን" ይላል። ጌታቸው "ረሃብ አውራጃ አይመርጥም። በየክፍለ ሀገሩ ፓርቲ ካቆምን የድሮ ባላባት ሆንን እኮ" ይላል። ሰይድ መለሰለት፦ "አንተ የማዕከል ተላላኪ።" ጌታቸውም፦ "አንተ አንጃ።" አንጃ የሚለውን ቃል ያኔ ነው የሰማሁት። ስድብ መሆኑን ከአባባሉ አወቅኩ። በወሩ የወሎ የሚባል ፓርቲ ለብቻው ቆመ፤ የጎጃሞቹም የራሳቸውን አቆሙ ተባለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ የኛ አውራጃ ልጆች "የደሴ ልጆች በኛ ላይ ምን ያዛሉ?" ብለው በአውራጃችን ስም የቦረና የሚባል አወጡ። መቅደላ በኩልም አንድ ተቋቋመ። በመጨረሻ የከላላ ልጆች አራት ሆነው ወጡ፤ አንዱ ሊቀመንበር፣ አንዱ ምክትል፣ አንዱ ገንዘብ ያዥ። አራተኛው ብቻውን አባል ሆኖ ቀረና ተናዶ ሄደ። ይህን ጌታቸው ነው የነገረኝ፤ እያሳቀ ይንገረኝ እንጂ እሱ ራሱ አልሳቀም።

ሰይድ ከወሎው ጋር ሄደ። ጌታቸው ከማዕከሉ ጋር ቀረ። ሁለቱም ግን ማታ ማታ ወደዚያው መደብ ይመጣሉ፤ ሌላ መኝታ የላቸውማ። ጀርባ ለጀርባ ይተኛሉ፣ ባናው መሐላቸው ላይ እንደ ድንኳን ይወጠራል። መነጋገር ቆመ። "እማ፣ ለዚያኛው ወገን ባናውን ጠቅልሎ እንዳይወስድ ንገሪው" ይለኛል ጌታቸው፤ ያኛው ወገን አጠገቡ ተኝቶ እየሰማ። "እማ የሺ፣ ለማዕከሉ እግሩ ይቀዘቅዛል በይልኝ" ይላል ሰይድ። እኔም ሞኝ፣ ከዚህ ወደዚያ አቀብላለሁ። አንድ ቀን ሽሮ አቀረብኩ። ሰይድ ትሪውን አየና "ለኔ ለብቻዬ አድርጊልኝ" አለ። ጌታቸውም "ለኔም" አለ። ሥጋ አይደለም፣ ሽሮ ነው። ሃይማኖት ያልለየውን ሽሮ ፓርቲ ለየው። ሁለት ሳህን አመጣሁ፤ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ማልቀሴን እንዳይሰሙ የበግ ጠጉር አፌ ላይ ይዤ።

ቀጥሎ ሁለቱም ከቤት ወጡ። ጌታቸው በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ሰው ቤት ያድራል አሉ፤ ሰይድ በመስጊዱ በኩል። ቀበሌው ሁሉንም ያድናል፣ እነሱ ደግሞ እርስ በርስ ይታደናሉ። "እርምጃ" የሚባለው ቃል መጣ። በትምህርት ቤት ሳለሁ እርምጃ ማለት መራመድ ነበር። ያን ሰሞን በሁለት ልጆች ላይ እርምጃ ተወሰደ፤ አንዱ የአንዱ ወገን፣ ሌላው የሌላው። እናቶቻቸውን አውቃቸዋለሁ። አንደኛዋ ከኔ ፈትል ትገዛ ነበር።

አንድ ጠዋት ደጅ ላይ የበግ ጠጉር እያበጠርኩ ጌታቸው መጣ። ከስቷል። ሳይቀመጥ "እማ፣ ሰይድ ይመጣል ወይ?" አለኝ። "ምን ልታደርገው?" አልኩት።

"ምንም። የገበያ ዕለት በምንጩ መንገድ እንዳይሄድ በይው። ከኔ ሰማሁ እንዳትይ።"

"ለምን?"

"አትጠይቂኝ። እንዳይሄድ በይው ብቻ።" ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ "ወደዚያ እንዳመጣው የታዘዝኩት እኔ ነኝ" አለኝ።

በማግስቱ፣ ገና የጌታቸው ቃል ጆሮዬ ላይ እንዳለ፣ ሰይድ በጓሮ በኩል መጣ። ሻርፕ ጠምጥሟል፣ እንደዚያ አስተማሪ። "እማ የሺ፣ ለጌታቸው አንድ ነገር ንገሪው። እነማን ቤት እንደሚያድር ታውቋል። ይቀይር።"

"ማን ነው ያወቀው?"

"የኛዎቹ። ያሳየኋቸው እንዳይመስልሽ። ምራን ብለውኝ ነበር፤ አልመራኋቸውም።"

ሁለቱንም ሰማሁ። ያን ቀን የተሰማኝን ሰው ሁሉ ፍርሃት ነው ሊለው ይችላል፤ እኔ ግን ከብዙ ወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ መተንፈሴ ነበር። ሁለቱም አልፈለጉም። የታዘዙትን ሁለቱም አልፈለጉትም። ግን ልጅ አለመፈለጉ ብቻ አያድነውም፤ እሱ ካላደረገው ሌላ ይላካል፣ በሱም ላይ ይላካል። የኔን ልጅ ቢያጠፉብኝ ልቅሶዬ የራሴ ነው። ሰይድ አንድ ነገር ቢሆንብኝ፣ ይልቁንም ከኔ ልጅ የተነሳ፣ ሼህ ይማም በር ላይ ቆመው "የሺ፣ አማናዬስ?" ቢሉኝ ምን እላለሁ? ጨው ይዞ ወደ ከላላ ለሚወርድ ነጋዴ "ሼሁ አማናቸውን ይረከቡ በል" ብዬ ላክሁ።

ሼሁ የገበያው ዋዜማ ከሰዓት መጡ። ሁለቱንም አስጠራሁ፤ ለእያንዳንዳቸው "እናትህ ታመመች" ነው ያስባልኩት። መጡ። አንዱ በፊት በር፣ አንዱ በጓሮ። ሲተያዩ ሁለቱም ሊመለሱ ነበር፤ ሼሁን ሲያዩ ቆሙ። መደቡ ላይ በሁለት ጫፍ ተቀመጡ። ሼሁ ዱዓ አድርገው፣ እንደ ወጉም በሰው ፊት "የሺ፣ አማናዬን ልረከብ መጥቻለሁ" አሉ።

"ይረከቡ ሼህ" አልኩ።

ሰይድ "አባ፣ አልሄድም። ድርጅቱ አይፈቅድልኝም" አለ።

"የቱ ድርጅት? የትናንቱ ነው ወይስ ዛሬ ጠዋት የተገነጠለው?"

ጌታቸው ሳቁ አመለጠው። ሼሁ ወደሱ ዞሩ። "አንተም ትስቃለህ? ለመሆኑ ሽርጥ ማገልደም ትችላለህ?"

"እኔ?"

"አንተ። ነገ ደረሳ ነህ።" ቀጥለው ወደኔ አዩ። "የሺ፣ ይህን ልጅ ስሰጥሽ አንድ ነበር። አንቺ ሁለት አድርገሽ አሳደግሽው። ግማሹን ጥዬ ብሄድ አማና ተመለሰ አይባልም።"

ከሳቸው ዘንድ የሚቀሩ ደረሶች ከየአገሩ የመጡ ነበሩ፤ ከየጁ፣ ከጅማ፣ ከአርሲ፣ ከጎጃምም ጭምር። አንድ ሽርጥ የለበሰ፣ ሉህ የሚሉትን የቁርአን ሰሌዳ ያነገተ ልጅ ከላላ ላይ ሲጨመር ማንም አይቆጥረውም። የቸገረው መንገዱ ነው። ከከተማው መውጫ ኬላ አለ፤ አብዮት ጥበቃዎቹ የሚያልፈውን ወጣት ሁሉ ይይዛሉ።

ጠዋት ሼሁ ያመጡትን ነጭ ኮፍያና ሽርጥ አወጡ። ጌታቸው ሽርጡን ሦስት ጊዜ አገልድሞ ሦስት ጊዜ ወረደበት። ሰይድ ያየው ነበር። በመጨረሻ ተነሳና፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ እንዳዞረ፣ ጨርቁን ጥብቅ አድርጎ አሰረለት። እኔ ደግሞ ማተቡን ልፈታ የልጄን አንገት ዳሰስኩ። ማተብ የለም። ለካ ለፓርቲው ብሎ ከቆረጠው ቆይቷል፤ የሸሚዙን ቁልፍ እስከ አንገቱ የሚቆልፈው ለዚያ ኖሯል። ልቆጣው ወይስ እግዜርን ላመስግን ግራ ገባኝ። "ስትመለስ እንነጋገራለን" አልኩት።

እስከ ኬላው ድረስ ሸኘኋቸው። የገበያ ቀን ስለሆነ ሰው ይተራመሳል፤ ሼሁ በበቅሎ ከፊት፣ ልጆቹ ሉሃቸውን ይዘው ከኋላ፣ እኔ ከጎን የፈትል እንቅብ ተሸክሜ። ጠባቂው ረዥም ሰው ነው፣ ካኪ ለብሷል። "አሰላም አለይኩም ሼህ" አለ። "ደረሶቹ የየት አገር ልጆች ናቸው?"

"አንዱ ከወዲህ፣ አንዱ ከወዲያ። ቁርአን አውራጃ አይጠይቅም።"

ጠባቂው ልጆቹን ዞራቸው። የጌታቸውን ሸራ ጫማ አየ። "እስቲ ፋቲሃን ቅሩልኝ" አለ፤ ዱላውን ወደ ሰይድ ቀስሮ። "አንተ ጀምር።"

ሰይድ የቁርአኑን መክፈቻ ጀመረ። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ተያዘ። ሌላ ጊዜ ከእንቅልፉ ቀስቅሰህ ብትጠይቀው የሚወጣው ልጅ፣ ወይ ፍርሃቱ ነው ወይ ያ ሳይንሱ፣ ምላሱ ተሳሰረ። እንደገና ጀመረ፣ እንደገና ያው ቦታ ላይ ቆመ። ላቡ ከኮፍያው ሥር ወረደ። እኔ እንቅቤን ልጥለው ነበር። ጠባቂው ወደ ጌታቸው ዞረ። "አንተስ?"

ጌታቸው ዓይኑን ጨፍኖ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቀራው። በሰይድ ዜማ፣ በዚያ ጎህ ሲቀድ ከባናው ሥር ሆኖ ዓመት ሙሉ በሰማው ዜማ። መጨረሻ ላይ "አሚን" ሲል እኔም ሳላስበው "አሜን" አልኩ።

ጠባቂው ራሱን ነቀነቀ። "ይኸኛው ጎበዝ ነው። ያንን ግን ይግረፉት ሼህ።"

"እገርፈዋለሁ" አሉ ሼሁ፤ ከልባቸው ነበር። በበቅሎ መምቻቸው የሰይድን ትከሻ ቸብ አደረጉት። ገደሉ አፋፍ ላይ ስንደርስ እኔን ለማሰናበት ቆም አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ወላሂ የሺ፣ ክርስቲያኑን አሳልፈን እስላሙን ልናስይዝ ነበር" አሉኝ። እየሳቁ ልጓሙን ሳቡ። ሁለቱ ልጆች ፊትና ኋላ ሆነው፣ ሳይነጋገሩ፣ ገደሉን ወረዱ። ነጭ ኮፍያዎቹ እስኪጠፉ ቆምኩ።

የዚያን ክረምት በከተማችን የሆነውን አልዘረዝርም። ያ ሻርፓም አስተማሪ አልተገኘም። ከማዕከሉም፣ ከወሎውም፣ ከቦረናውም የተረፈ ጥቂት ነው፤ እርስ በርስ ያልተጨራረሰውን ሌላው ጨረሰው። እነዚያ የከላላ አራቱ ተርፈዋል፤ ማንም ከቁም ነገር ስላልቆጠራቸው። የኔዎቹ ዛሬ ሁለቱም ሸብተዋል። ጌታቸው አስተማሪ ሆኖ ጡረታ ወጥቶ ደሴ ነው። ሰይድ ከላላ ላይ እህል ይነግዳል፤ አባቱ ካረፉ በኋላ ሰላቱን ያልፋል ብዬ አላምንም። ምርጫ በመጣ ቁጥር የተለያየ ሰው ይመርጣሉ። የማተቡን ጉዳይ ከጌታቸው ጋር ተነጋግረናል፤ አስሯል።

ከሁሉም ግን ዘወትር የማስበው ከላላ የሄድኩበትን ቀን ነው። ያ ክረምት አልፎ መስከረም ሲጠባ፣ መንገዱ ረገብ ሲል፣ በነጋዴዎች በቅሎ ተነስቼ ወረድኩ። ስንቅ ይዤ ነበር፤ በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ ነው፣ ሁለት ቦታ ቋጥሬዋለሁ። በአንድ ቋጠሮ ቢሆን አይበሉልኝም ብዬ። ቀኑን ሙሉ ሳስብ የዋልኩት እንዴት ሆነው እንደማገኛቸው ነው፤ በሕይወት መኖራቸውን ሰምቻለሁ፣ መነጋገራቸውን ግን ማንም አልነገረኝም። ሰው ከሞት ተርፎም ሊጠፋ ይችላል። ወንድሙን እንደ ጠላት እያየ ካረጀ ጠፋ ማለት ነው። እኔ ይህን ነበር የምፈራው።

ከሼሁ ግቢ በላይ ካለው የባቄላ ማሳ አጠገብ ስደርስ ጩኸት ሰማሁ። ከበቅሎዋ ወረድኩ። ከአጥሩ ወዲያ ናቸው።

"አንተ ነህ የአባትህን በቅሎ ያላሰርካት።"

"እኔ አስሬያታለሁ። ቋጠሮው ያንተ ነው የላላው፤ እንደ ሽርጥህ።"

"ሽርጤን ተው። የሰው ባቄላ አስበላህ፣ አሁን ማን ሊከፍል ነው?"

"አንተ ትከፍላለህ፤ ማዕከል ይላክልህ።"

"ዝም በል አንተ ፋቲሃ የጠፋብህ ደረሳ።"

ከዚያ የሆነ ነገር ወደቀ፣ የአንዱ ሳቅ ይሁን የአንዱ እንጉርጉሮ አልለየሁም። ሲሯሯጡ እግራቸው ይሰማል። ነጋዴው "እትዬ፣ ልጥራቸው?" አለኝ። እጄን አንስቼ አስቆምኩት። በመካከላቸው ማንም የለም። ማንም ለማንም "በይልኝ" አላለም። ባቄላው የሰው ነው፤ የሼሁ በቅሎ አሁንም እየበላች ነው። ድንጋይ ፈልጌ ተቀመጥኩ፣ ጫማዬን አወለቅኩ፣ ሁለቱን ቋጠሮ ፈትቼ አንድ ላይ ቀላቀልኩት። ይጣሉ አልኩ፤ ቸኩዬ አልነበረም።